ጳጉሜን የማያውቀው ፋብሪካ

ሙቀት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ዓመት ማለት አሥራ ሁለት ወር ነው። አሥራ ሦስተኛዋን፣ የኛኑ ጉደኛ ጳጉሜን፣ የሚያውቃት የለም። ኧረ ሠራተኛውማ ያውቃታል፤ የማያውቃት ኮምፒውተሩ ነው። ነሐሴ ሠላሳ ማታ ደኅና እደር ብለው ይዘጉታል፤ በማግስቱ ሲከፍቱት "ቀኑ የለም" ብሎ ይገተራል። ሽያጭ ክፍል ደረሰኝ ልቁረጥ ቢል ቀኑ የለም፤ መጋዘን ዕቃ ላውጣ ቢል ቀኑ የለም፤ ዘበኛው እንኳ የመውጫ ወረቀት ካልታተመለት የበሩን ብረት አያነሳም። እናም ደብረ ብርሃን በብርድ ጥርሷን በምታፋጭበት፣ ነጋዴው ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ገበያ ብርድ ልብስ በሚሻማበት ሰሞን፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው በሩን ከርችሞ ይተኛል። እዩልኝ እንግዲህ!

"ታዲያ በነሐሴ ቀን ለምን አይቆርጡትም?" የሚል ብልጥ አይጠፋም። እሱም ተሞክሯል። ግብር ሰብሳቢው የኋላ ቀን የተጻፈበትን ደረሰኝ ይዞ ሲያፋጥጣቸው ያ ብልጠት በዚያው ቀረ። ሰው ደግሞ ክፉ ነገርን ሲለምደው ስም ያወጣለታል፤ "ማሽኑ ሱባኤ ገባ" ይባባላሉ እየተሳሳቁ። ግማሹ ለሩፋኤል ጠበል ወደ አንኮበር ይወርዳል፣ ግማሹ ለበዓል ቤቱን ይለቀልቃል፣ ማንም ቅር አይለውም። ቅር የሚላት ጥሩዬ ብቻ ነበረች።

ጥሩዬ የፋብሪካው የሲስተም ባለሙያ ናት። የአንኮበር ልጅ ስትሆን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተምራ እዚያው ከተማ ሥራ ይዛ ቀረች። እናቷ "ይቺ ልጅ ጭጎጎት ናት፣ ከያዘች አትነቀልም" ትላለች፤ እናት ደግሞ ልጇን አትስትም። ሥራ በገባችበት ዓመት ጳጉሜን መጥታ ፋብሪካው ጭጭ ሲል ያየች ዕለት "ይሄማ ነውር ነው!" አለች፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አልተወችውም።

ችግሩ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ፕሮግራሙን ከውጭ አስመጥተው የኛን አቆጣጠር ያለበሱት ሰዎች ቸኩለው ነበር፤ አሥራ ሁለት ወር፣ እያንዳንዱ ሠላሳ ቀን፣ አለቀ ደቀቀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ይባስ ብሎ ያንን ስሕተት አንድ ቦታ ብቻ አልጻፉትም፤ ሽያጩ የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው፣ መጋዘኑ የራሱ፣ ደመወዙ የራሱ። ሁሉም አንዱ በሌላው ሆድ ገብቶ እንደተወሳሰበ የሱፍ ክር ተቋጥሯል፤ አንዱን ሲስቡት ሌላው ይጠብቃል። ከጥሩዬ በፊት የነበረው ባለሙያ የሽያጩን ቀን ላርም ብሎ ነካ ቢያደርገው፣ ደመወዙ ጳጉሜንን ሙሉ ወር አድርጎ ቆጠራትና ለሠራተኛው ሁሉ የአምስት ቀኑን ሥራ በወር ደመወዝ ከፈለ። ለማስመለስ የተነሳው ጭቅጭቅ እስከ ጥምቀት ዘለቀ፣ ባለሙያውም በዚያው ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ የፋብሪካው ሕግ አንድ ቃል ሆነ፦ አትንኩት።

የዚህ ሕግ ዋና ጠባቂ የፋይናንስ ኃላፊው አቶ ኃይለኢየሱስ ናቸው። ያን የደመወዝ ጭቅጭቅ በጫንቃቸው የተሸከሙት እሳቸው ስለነበሩ፣ የፕሮግራም ማስተካከል ወሬ በተነሳ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። አይፈረድባቸውም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ሰኔ ላይ ሥራ አስኪያጁ አቶ ወልደአረጋይ ኃላፊዎቹን ሰበሰቡ። ነጋዴዎች እያማረሩ ነው፣ ገበያው እየሸሸ ነው፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ሁሉን ነገር በአንድ የያዘ አዲስ ፕሮግራም ይሸጥልናል አሉ። ጥሩዬ እጇን አወጣች።

"ሁሉን በአንድ የያዘው ነው እኮ እስካሁን ያሰረን" አለች። "እኔ የምለው አገልግሎት ተኮር አወቃቀር ነው።"

"በአማርኛ ንገሪኝ" አሉ አቶ ወልደአረጋይ።

"በአማርኛ ነው የነገርኩዎ።"

ሰው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። "እሺ፣ እንዲህ ይዩት" አለች። "በሰፈር ውስጥ ለየቤቱ ወፍጮ አይተከልም። አንድ ወፍጮ ቤት ይኖራል፣ ሁሉም እህሉን ይዞ ይሄዳል፣ አስፈጭቶ ይመለሳል። እኛ ግን ለየቤቱ ወፍጮ ተክለን፣ ሁሉንም ወፍጮ ባንድ ገመድ አስረናል። እኔ ቀኑን የሚናገር አንድ ክፍል ለብቻው ልሥራ፤ ሽያጩም መጋዘኑም 'ዛሬ ስንት ነው?' ብለው እሱን ይጠይቁ። ደንበኛን የሚያውቅ ሌላ ክፍል፣ ክምችትን የሚያውቅ ሌላ ክፍል። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይወቅ፣ የሌላውን ሆድ ዕቃ አይንካ።"

አቶ ወልደአረጋይ ጢማቸውን አሹ። "ወፍጮው የተበላሸ ቀንስ? ሰፈሩ በሙሉ አይራብም?"

ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ሰውዬው በከንቱ ሥራ አስኪያጅ አልሆኑም። "ይራባል" አለች ጥሩዬ ሳትሸሽ። "ግን የሚጠገነው አንድ ወፍጮ ነው። ዛሬ ያለነው ወፍጮ ለመጠገን ቤት በምናፈርስበት አገር ነው።"

አቶ ኃይለኢየሱስ ጣልቃ ገቡ። "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ቀን ብላ ትጀምራለች፣ ደመወዜ ላይ ትደርሳለች። የኔ ነገር እንዳይነካ!" አሉና ስብሰባው በዚያው ተበተነ።

ነገሩ በዚህ ሊቀር ሲል ዝናሽ መጣች። ዝናሽ ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ከገቡት ገበሬዎች አንዷ ናት፤ የመጠለያው ሴቶች "አንቺ አፍ አለሽ" ብለው ተወካይ አድርገው መርጠዋታል። አንድ የዕርዳታ ድርጅት ለመጠለያው ብርድ ልብስ ሊገዛ ተነስቶ፣ ከድርጅቱ ሠራተኛ ጋር ፋብሪካ ፋብሪካውን እየዞረች ነበር። ሠራተኛው ነገሩን አስረዳ፦ ጭነቱ ብዙ ነው፣ መኪኖቹ የሚገኙት ጳጉሜን አንድ ቀን ነው፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ አገር ስለሚላኩ አይጠብቁም።

"ጳጉሜንማ ዝግ ነን" አሉ አቶ ወልደአረጋይ፣ እፍረት ቢጤ እየተሰማቸው።

ዝናሽ አየቻቸው። "ዝግ ማለት?"

"በቃ... ጳጉሜን አንሠራም።"

"ብርዱስ?" አለች ዝናሽ። "ብርዱስ ጳጉሜን ይዘጋል? ልጆቻችን ላስቲክ ሥር ነው የሚያድሩት፣ ጌታዬ። ዝናቡ ከላይ ባይገባ ከሥር ይገባል። የከረመውን ብርድ ልብስ ክረምቱ አበሰበሰው።"

ጥሩዬ ኮምፒውተር ልታስተካክል እዚያው ቢሮ ነበረች። ማንም አልጠየቃትም። ቀና ብላ "ጳጉሜን ክፍት ነን" አለች።

የዕርዳታ ድርጅቱ ሠራተኛና ዝናሽ አመስግነው ሲወጡ አቶ ወልደአረጋይ በሩን ዘጉት። "ምን አደረግሽኝ አንቺ ልጅ?"

"እውነቴን ነው። ሥራውን ዛሬ እጀምራለሁ።"

ሰውዬው ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። "እንግዲያው ውላችን ይህ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ጳጉሜን አንድ ቀን ጭነቱ በደረሰኙ፣ በወጪ ሰነዱ፣ በመውጫ ወረቀቱ፣ በሥርዓቱ ከወጣ ያንቺን መንገድ እንከተላለን። ካልወጣ ግን የአዲስ አበባውን እገዛለሁ፣ አንቺም ሌላ ሥራ ትፈልጊያለሽ። የደመወዙን ነገር ደግሞ ኃይለኢየሱስ ካልፈቀደ አትነኪም።"

"ተስማምተናል" አለች ጥሩዬ።

ከዚያ ሥራ ሆነ። ሁሉን ባንዴ ላፍርስ አላለችም። መጀመሪያ ቀን የሚናገረውን ክፍል ለብቻው ሠራች፤ ጳጉሜን አምስት መሆኗን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት መሆኗን አስተማረችው። ቀጥላ ሽያጩን ከገዛ ራሱ ቀን መቁጠሪያ ነቅላ ከአዲሱ ጋር አገናኘችው። አንድ ሳምንት እያየችው ሰነበተች፣ ምንም እክል አላሳየም። ከዚያ ወደ መጋዘን ሄደች።

የመጋዘን ኃላፊው ዓወል የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ ወሬው የሚጣፍጥ፣ እጁ ግን ለሥራ የማይሰንፍ። "ማሽኑን ከሱባኤ ልታስወጪው ነው አሉ?" አላት። "ኃጢአቱ ባንቺ ይሁን።"

"ጋሼ ዓወል፣ ይልቅ ያስቸገረህን ንገረኝ።"

"ያስቸገረኝማ ሞልቷል፤ ከየትኛው ልጀምር? እኔ ኢድ በመጣ ቁጥር የልጆቹን ፈረቃ በእጄ ነው የማሰላው። ይሄ ማሽንሽ ጳጉሜንንም አያውቅ፣ የኢዱን ወር ሸዋልንም አያውቅ። የየትኛው አገር ዜጋ ነው?"

ጥሩዬ ሳቀች፣ ግን ነገሩ ከልቧ ገባ። በሁለተኛው ቀን ተመልሳ ስክሪኑን አሳየችው፤ ከኢትዮጵያው ቀን ጎን የሒጅራው ተጽፏል፣ ከሱ ቀጥሎ የፈረንጁ። ዓወል አፉን ያዘ። "ሱብሃነላህ! ይሄን ሁሉ መቼ ሠራሽው?"

"አንድ ቦታ ላይ ነው የጨመርኩት። የሚጠይቀው ሁሉ ያገኘዋል፤ ሽያጩም ውጭ አገር ለሚልከው የፈረንጁን ከዚያው ይወስዳል። ጨረቃዋ ዘግይታ ከታየች ግን አንድ ቀን አንተ ታስተካክለዋለህ።"

"ጨረቃዋን ለኔ ተይልኝ" አለ ዓወል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጥሩዬ ጠበቃዋ ሆነ። የመጋዘኑን ክምችት የሚናገረው ክፍል ሲያልቅ፣ ሽያጭ ክፍል ስልክ እየደወለ "ስንት ቀረ?" ማለቱ ቀረ፤ እዚያው ጠይቆ እዚያው ያገኘዋል። የጫጫ ከተማ ነጋዴዎች ደውለው "አለ ወይ?" ሲሉ መልሱን ስልኩ ሳይዘጋ መስማት ጀመሩ። አቶ ወልደአረጋይ ይህን አዩ፤ የአዲስ አበባው ድርጅት ሲደውል "ትንሽ እንቆይ" ማለት አመጡ።

አቶ ኃይለኢየሱስ ግን እምቢ እንዳሉ ነው። ጥሩዬ ሦስት ጊዜ ቢሮአቸው ሄዳ ለመነች። "ልጄ፣ አንቺን ጠልቼ አይደለም፤ ያን ዓመት ሰው በመንገድ ሲያየኝ ፊቱን ያዞር ነበር" አሏት በመጨረሻው። እሷም የሰው ቁስል ነው ብላ ተወችው። ደመወዙ በነሐሴ ተኝቶ ይክረም፣ ጭነት ከማውጣት ጋር ምን አገናኘው ብላ ነበር። ተሳስታ ነበር።

ጳጉሜን አንድ ቀን ጠዋት ካፊያ ነበር። ሁለት መኪኖች ግቢ ገቡ፤ ዝናሽም ከፊተኛው መኪና ወረደች። አቶ ወልደአረጋይ ጃንጥላ ይዘው ቆሙ። ሽያጭ ክፍል ኮምፒውተሩን ሲከፍት ሁሉም ተሰበሰበ፤ ስክሪኑ ላይ "ጳጉሜን 1" የሚል ብቅ አለ፣ ደረሰኙ ተቆረጠ። እልልታ! መጋዘን ወጪ ሰነዱን አተመ፣ ዓወል "ቢስሚላህ" ብሎ ማስጫን ጀመረ። የፊተኛው መኪና ሞልቶ ወደ በሩ ሄደ፤ ዘበኛው የመውጫ ወረቀቱን ሊያትም ቁልፉን ተጫነ። ፕሪንተሩ ዝም አለ። ስክሪኑ ላይ "ተረኛ ጥበቃ የለም" የሚል ተጻፈ።

"ማነው የሌለው?" አለ ዘበኛው፤ የዝናብ ካፖርቱን ለብሶ እዚያው ቆሟል። "እኔ የለሁም?"

ጥሩዬ እየሮጠች ደረሰች። ስክሪኑን ስታየው ነገሩ ገባት። የመውጫ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ተረኛ መኖሩን ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ደግሞ ደመወዙን ነው፤ ደመወዙ ዛሬን አያውቃትም፤ ስለዚህ በደመወዙ ዘንድ ዛሬ ማንም ሰው ሥራ አልገባም። ያ የተወሳሰበ ክር አንድ ጫፉ እዚህ በር ላይ ተደብቆ ኖሯል። እንዴት አላየሁትም ብላ ራሷን ልትመታ ምንም አልቀራት።

አቶ ኃይለኢየሱስ ለሩፋኤል አንኮበር ወርደዋል፤ ደወለች። "ደመወዜን ልትነኪ ነው?" አሉ ገና ከመስማታቸው። "አይሆንም አልኩ አይሆንም!" ስልኩ ተዘጋ።

ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። ዝናሽ ነጠላዋን ተከናንባ ቀረበች። "ምን ሆነ?"

"ወረቀቱ አልወጣ አለ" አለች ጥሩዬ።

"ልጆቹ ወረቀት ነው እንዴ የሚለብሱት?" አለች ዝናሽ፣ ወደ መኪናው እያመለከተች። "ብርድ ልብሱ ይኸው መኪና ላይ ነው! ይኸው እያየሁት!"

ጥሩዬ ወደ አቶ ወልደአረጋይ ዞረች። "የበሩን ብረት ያስነሱት" አለች። "በውሉ ተሸንፌያለሁ። በእጅዎ ፈርመው ያስወጡት።"

ሰውዬው እሷን አዩ፣ ዝናሽን አዩ። "ለማስተካከል ምን ያህል ይፈጅብሻል?"

"አንድ ሰዓት። ደመወዙን ሳልነካ።"

"የፊተኛው መኪና በኔ ፊርማ ይውጣ፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው" አሉ። "ሁለተኛው ግን በሥርዓቱ ካልሆነ አይወጣም። ሁለተኛውንም በእጅ ከከፈትን ሁልጊዜ በእጅ ልንከፍት ነው። እትዬ፣ ሁለተኛው ትንሽ ቢቆይስ?"

ዝናሽ ገና በመጫን ላይ ያለውን ሁለተኛውን መኪና ጥቂት አየችው። "ይሁን" አለች፣ ፊተኛው ላይ ወጥታ ሄደች።

ጥሩዬ ዘበኛው ቤት ቁጭ አለች። ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጣሪያው እያንጠባጠበባት፣ ለመውጫ ወረቀት ደመወዝ ምን አገባው እያለች ክሩን ከዚያ ጫፍ በጠሰችው። ተረኛውን የሚናገር አንድ ትንሽ ክፍል ለብቻው ሠራች፤ የጥበቃ አለቃው "እገሌ ተረኛ ነው" ብሎ ያስገባል፣ ክፍሉ ቀኑን ከቀን ተናጋሪው ይጠይቃል፣ የመውጫ ወረቀቱ ደግሞ ይህን ይጠይቃል። ደመወዙ የሆነውን ነገር ሳይሰማ እንቅልፉን ይለጥጣል። ድሮ ቢሆን ይህን ለማድረግ ሙሉውን ፕሮግራም ማስቆም፣ ሽያጩንና መጋዘኑንም አብሮ መክፈት ነበረባት፤ ዛሬ ግን እሷ በሩን እየጠገነች ሽያጭ ክፍል ውስጥ ለሌላ ደንበኛ ደረሰኝ ይቆረጥ ነበር። ጳጉሜን ክፍት መሆኑን ዓወል ለአልዩ አምባ ነጋዴዎች ደውሎ ነግሯቸው ኖሮ ሁለቱ በሚኒባስ ደርሰዋል።

ሁለት ጊዜ ሞከረች፣ ሁለት ጊዜ እምቢ አላት። ዓወል ሻይ አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠ። በሦስተኛው ዘበኛው ቁልፉን ሲጫን ፕሪንተሩ አጉረመረመና ወረቀቱን ተፋው።

"አለሁ!" አለ ዘበኛው ጮኾ። "አለሁ እኮ!" ብረቱን አነሳው።

አቶ ወልደአረጋይ ወረቀቱን ተቀብለው ቀኑን አነበቡት። "ከመስከረም ጀምሮ የቀረውን ሁሉ በዚሁ መንገድ ቀጥይ" አሉ። "ለአዲስ አበባዎቹ እኔ እደውላለሁ።" ጥሩዬ አመሰግናለሁ ሳትል ሁለተኛው መኪና ላይ ዘላ ወጣች።

መጠለያው ጭቃ በጭቃ ነበር። በፊተኛው መኪና የደረሳቸው ሰዎች ብርድ ልብሱን በትከሻቸው ጣል አድርገው ይላወሳሉ፣ አንዲት ሴትዮ በኩራት ለጎረቤቷ ታሳያለች። ዝናሽ ግን መግቢያው ላይ ባዶ ትከሻዋን ቆማለች። ሦስት ልጆቿ ወገቧን ይዘዋል፤ ነጠላዋን ለትንሹ አልብሳዋለች፣ ከናፍሩ ጠቁሯል።

"እትዬ ዝናሽ!" አለች ጥሩዬ ከመኪናው እየወረደች። "አልወሰዱም እንዴ? በፊተኛው መኪና አይደል የሄዱት?"

"ተወካይ መጨረሻ ነው የሚወስደው" አለች ዝናሽ። "ወጉ እንደሱ ነው። የኔ ልጆች ድርሻ ከሁለተኛው መኪና ነበር።"

ጥሩዬ ክው አለች። "ያኔ በሩ ላይ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።"

ጥሩዬ ከመኪናው ላይ አንዱን ብርድ ልብስ ጎተተች፣ ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችና ትንሹን ጠቀለለችው። ልጁ እጁን ከውስጥ አውጥቶ ጠርዙን ዳበሰ፣ "የኛ ነው?" አለ። "የናንተ ነው" አለችው፣ ጠርዙን ትከሻው ላይ እያጠበቀችለት።

"ያ ማሽንሽ" አለች ዝናሽ፣ "ሰውዬው እዚያው ቆሞ ሳለ የለም ያለው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ማንን የለም ሊል ነው? እኛን የሉም ያለን መዝገብ በዝቷል፣ እህቴ።"

"ማንንም" አለች ጥሩዬ። ስልኳን አውጥታ አንኮበር ደወለች። አቶ ኃይለኢየሱስ ሲያነሱት ሰላምታም አላስቀደመች። "ከጠበል ሲመለሱ ቢሮ ይጠብቁኝ፤ ዛሬ ሥራ የገባውን ሁሉ የለም የሚለውን ደመወዝ አብረን እንከፍተዋለን። እርስዎ አጠገቤ ይቀመጣሉ፣ አንድ ሳንቲም ከቦታዋ አትነቃነቅም። እምቢ ቢሉኝም በማግስቱ እመጣለሁ" አለች። "አጠገብሽ ተቀምጬ ካየሁትማ እሺ፤ ስመለስ ማለዳ ነይ እንግዲህ፣ ምን አደርግሻለሁ" አሉ አቶ ኃይለኢየሱስ። ጥሩዬ ስልኩን ኪሷ ከታ እጅጌዋን ሰበሰበችና ከሴቶቹ ጋር ብርድ ልብስ ማውረድ ጀመረች።